ጭምጭምታና የወለድ ወለድ

በኢንተርኔት አማካይነት አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች በሚሰባሰቡበት ሁሉ ሁለት ዓይነት ንግግር ጎን ለጎን ይሰማል። አንደኛው ጭምጭምታ ነው፤ እገሌ የተባለው ኩባንያ በትልቅ ኩባንያ ሊጠቀለል ነው፣ የአዲሱ መድኃኒት ፈቃድ በዚህ ሳምንት ሊወጣ ነው፣ ትልልቆቹ ገዢዎች ድምፃቸውን አጥፍተው እየሰበሰቡ ነው ይባላል። ሁለተኛው የወለድ ወለድ ሰንጠረዥ ነው፤ በዚህ መነሻ ገንዘብ፣ በዚህ የትርፍ ምጣኔ፣ በዚህን ያህል ዓመት ይህን ያህል ሀብት ይገኛል የሚል። ለላይ ተመልካች ጭምጭምታው የችኩል፣ ሰንጠረዡ የታጋሽ ሰው መሣሪያ ይመስላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱንም የያዘው አንድ ሰው ነው። ማታ ሰንጠረዡን ይሞላል፤ ጠዋት ጭምጭምታ ሰምቶ ይገዛል። ሰንጠረዡ የሚጠይቀውን ምጣኔ ተራው ገበያ ስለማይሰጠው፣ የጎደለውን ይሞላለት ዘንድ ጭምጭምታን ይጠራል።

ይህን ሰው በቁማርተኛነት ብቻ መፈረጅ ተገቢ አይደለም። ያነባል፤ ያሰላል፤ ገበያ ላይ ያዋለውም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ለቤት መሥሪያ፣ ለልጅ ማስተማሪያ ወይም ለእርጅና መጦሪያ ያጠራቀመው ነው። ችግሩ ሒሳብ አለማወቁ ሳይሆን የሒሳቡን ግማሽ ብቻ ማወቁ ነው። የቀረው ግማሽ ደግሞ እዚያው በእጁ ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ይገኛል።

«ወለድ» የሚለው የአማርኛ ቃል ከመውለድ የመጣ ነው። ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል፤ የተወለደውም በተራው ይወልዳል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለማወቅ 72ን ለወለዱ ምጣኔ ማካፈል እንደሚበቃ ጠቅሷል፤ በዚህ ስሌት በዓመት 8 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ በ9 ዓመት ግድም እጥፍ ይሆናል። ደንቡ ዛሬም ይሠራል። አደጋው የሚመጣው ምጣኔው ሲለጠጥ ነው። «በወር 10 በመቶ ብቻ» የሚል ሰው ትሑት ግብ የያዘ ይመስላል። ሆኖም 1,000 ብር በወር 10 በመቶ ለ10 ዓመት ያለማቋረጥ ቢያድግ ከ92 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ይህን ውጤት ያየ አንባቢ ምጣኔውን ሊጠራጠር ሲገባው፣ ብዙዎች ግን የሚደነቁት በውጤቱ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው አባባል ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ይስማማል፤ እንቁላሉ በመንገድ ላይ ሊሰበር እንደሚችል ግን አባባሉም ሰንጠረዡም አያነሱም።

ሰንጠረዡ የሚሰውረው ዋናው ነገር ትርፍና ኪሳራ የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አለመሆናቸው ነው። 50 በመቶ የከሰረ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማትረፍ አለበት፤ 75 በመቶ የከሰረ 300 በመቶ፣ 90 በመቶ የከሰረ ደግሞ 900 በመቶ። በወር 10 በመቶ የሚያድገው ያ የሕልም ሒሳብ እንኳ አንድ ወር 50 በመቶ ቢወድቅ ከ7 ወር በላይ የፈጀ ዕድገቱን በአንድ ጊዜ ያጣል።

ነገሩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ መመርመር ይቻላል። በየዙሩ ሳንቲም ይጣላል እንበል፤ ተጫዋቹ ካሸነፈ በእጁ ያለው ገንዘብ በ50 በመቶ ያድጋል፣ ከተሸነፈ በ40 በመቶ ይቀንሳል። ሒሳባዊው አማካይ በየዙሩ 5 በመቶ ትርፍ ነው፤ ማንም ይህን የሰማ ሰው ጨዋታው ጥሩ ነው ይላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ አሸንፎ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ገንዘቡ በ1.5 እና በ0.6 ተባዝቶ 0.9 ይሆናል። 20 ዙር ተጫውቶ 10 ጊዜ ቢያሸንፍና 10 ጊዜ ቢሸነፍ፣ በ1,000 ብር የጀመረው ሰው 349 ብር ይቀረዋል። 11 ጊዜ አሸንፎ 9 ጊዜ የተሸነፈው፣ ማለትም ከሽንፈቱ ይልቅ ድሉ የበዛለት ሰው እንኳ፣ 872 ብር ይዞ ይወጣል። ከመነሻው በላይ ለመሆን ቢያንስ 12 ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል።

አሁን ይህን ጨዋታ 1,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው በ1,000 ብር ለየብቻቸው 20 ዙር ተጫወቱት እንበል። በዕድል ስሌት መሠረት 750 ያህሉ ይከስራሉ። ይሁንና ለአንድ ሰው የሚደርሰው የሚጠበቀው አማካይ ከ2,650 ብር በላይ ነው። አማካዩን ወደ ላይ የሚስቡት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ 16 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያሸንፉት ከ1,000 ሰው 6 ያህል ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ገንዘብ 85 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። በእነዚህ ሰዎች ውጤት ውስጥ ብልሃት የለም፤ ሳንቲም ነው የተጣለው። የመናገር ፍላጎት ያለው ግን እነርሱ ዘንድ ነው። የስልካቸውን ስክሪንሾት የሚያሳዩት፣ መንገዱን እናስተምራችሁ የሚሉት፣ ምስክር ተብለው የሚጠቀሱት እነርሱ ናቸው። ከከሰሩት 750 ሰዎች አብዛኞቹ ዝም ብለው ይወጣሉ። ስለዚህ ወሬውን የሚሰማ ሰው የሚደርሰው የጥቂቶች ታሪክ ነው፤ ቢበዛም አማካዩ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚኖረው ግን ከሚደጋገመው ብዜት ጋር ነው።

ዳንኤል ቤርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው ጽሑፍ የገንዘብ ጥቅም በመጠኑ ሳይሆን በሎጋሪዝሙ ሊለካ እንደሚችል ሐሳብ ሲያቀርብ ከዚህ ጋር የተዛመደ ጥያቄ ነበረው፤ አማካዩ ወሰን የለሽ የሆነ ጨዋታ ለመጫወት አስተዋይ ሰው ለምን ብዙ ገንዘብ አይከፍልም? ጥያቄው ከ280 ዓመታት በላይ ቢሆነውም በየዕለቱ በአዲስ መልክ ይመለሳል።

እስካሁን የተባለው ስለ ገንዘብ ነው። ጭምጭምታ ራሱ ግን እንደ ወለድ የሚባዛ ነገር መሆኑ ብዙም ትኩረት አላገኘም። ሮበርት ሺለር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ትረካና ኢኮኖሚ ባሳተመው መጽሐፍ ወሬዎች እንደ ተላላፊ በሽታ እንደሚዛመቱ፣ በበሽታ ስርጭት ቀመርም ሊጠኑ እንደሚችሉ አስረድቷል። ቀመሩን በቀላሉ ለማየት 10 ሰዎች ያወቁት ወሬ የሰሚዎቹ ብዛት በየቀኑ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል እንበል። በ20ኛው ቀን ሰሚዎቹ ከ10 ሚሊዮን ያልፋሉ። ከእነዚህ ውስጥ ግማሾቹ ወሬውን የሰሙት በመጨረሻው ቀን ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት፣ ከስምንቱ ሰባቱ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ሰምተዋል። በእርግጥ ሰሚ ሊሆን የሚችለው ሕዝብ እያለቀ ሲሄድ ስርጭቱ ይቀዘቅዛልና እስከ መጨረሻው እጥፍ አይሆንም። ቢሆንም መደምደሚያው ብዙም አይለወጥም፤ ከሰሚዎቹ መካከል በዘፈቀደ የተመረጠ ሰው ዘግይቶ የሰማ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

እያንዳንዱ ሰሚ ግን ራሱን ከመጀመሪያዎቹ እንደ አንዱ ይቆጥራል። ወሬው የደረሰው በጆሮው ሹክ ተብሎ ነው፤ ከሚያምነው ጓደኛ ነው። ሚስጥር መስሎ የሚደርስ ነገር ለ5 ሚሊዮን ሰዎች በተመሳሳይ ቀን ሚስጥር መስሎ እንደደረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ዋጋው ደግሞ ከእርሱ በፊት በሰሙት ሰዎች ግዢ አድጎ ጠብቆታል። የወለድ ወለድን ለትዕግሥተኛው በረከት የሚያደርገው የመደራረብ ሥርዓት፣ ጭምጭምታ ሰሚውን ከወረፋው መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ያው ሥርዓት ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በአሜሪካ ገበያ በጌምስቶፕ አክሲዮን ላይ የታየው ሁኔታ ለዚህ በቂ መረጃ ይሰጣል። የቪዲዮ ጨዋታ ቸርቻሪ የሆነው የዚህ ኩባንያ አክሲዮን በዓመቱ መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ጥር 27 ቀን ከ347 ዶላር በላይ ሆኖ ዋለ፤ በማግስቱ ለአጭር ጊዜ 483 ዶላር ነካ። (እነዚህ ዋጋዎች አክሲዮኑ በኋላ ከመከፋፈሉ በፊት የነበሩ ናቸው።) በዚያው ቀን በርካታ የደላላ ድርጅቶች ተጨማሪ ግዢ አገዱ፤ የካቲት 19 ቀን ዋጋው ወደ 40 ዶላር ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

ወሬው ሐሰት አልነበረም፤ ይህ ሊሰመርበት ይገባል። የኩባንያውን አክሲዮን ተውሰው በመሸጥ በውድቀቱ ሊያተርፉ የፈለጉ ድርጅቶች የያዙት መጠን ለሽያጭ ከቀረበው አክሲዮን በላይ ነበር፤ ዋጋው ቢወጣ መልሰው ለመግዛት እንደሚጣደፉ የተነገረውም እውነት ነበር። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባልደረቦች በዚያው ዓመት ጥቅምት ባወጡት ሪፖርት ግን ለሳምንታት የቆየውን የዋጋ ንረት ያስቀጠለው በዋናነት የእነዚህ ድርጅቶች መልሶ መግዛት ሳይሆን የብዙኃኑ የግዢ ስሜት እንደነበር አስታውቀዋል። እውነተኛ ወሬ ሰምቶ ዘግይቶ የገዛ ሰው ከሐሰተኛ ወሬ ሰሚ የተሻለ ዕድል አላገኘም። ጉዳዩን ቀድሞ ያነሳው ግለሰብ አክሲዮኑን መግዛት የጀመረው ከ2019 አንሥቶ፣ ዋጋው ገና ጥቂት ዶላር ሳለ ነው፤ እርሱ የወሬው ሰሚ ሳይሆን ምንጭ ነበር።

ጥር 27 ቀን በመዝጊያው ዋጋ ገዝቶ የካቲት 19 ቀን የሸጠ ሰው 88 በመቶ የሚሆን ገንዘቡን አጥቷል። ይህ ሰው የቀረውን ገንዘብ በዓመት 8 በመቶ በሚያስገኝ ሥራ ላይ ቢያውለው፣ ወደ መነሻው ለመመለስ 28 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ያጣው የዕድሜውን ሦስት አሥርት ዓመታት ሊሞሉ ጥቂት የጎደላቸው ጊዜ ነው፤ ያጠፋው ግን 3 ሳምንት ነበር። አክሲዮኑ በመጋቢት ወር ተመልሶ ከ200 ዶላር በላይ መውጣቱ እንደ መከራከሪያ ይቀርባል። መከራከሪያው የሚያገለግለው በዚያ መሀል ያልሸጠውን ነው፤ ገንዘቡን ለኪራይ ወይም ለዕዳ የፈለገው፣ ወይም መታገሥ ያቃተው ሰው ከዚያ ወጥቷል።

የዋጋው ማገገምና የሰውየው ማገገም የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳዩ ሁለት አጫጭር ክስተቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2000 ኤሙሌክስ ስለተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሐሰተኛ መግለጫ ተሠራጨ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ እንደለቀቁና ሒሳቡ እንደሚከለስ የሚናገር ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ አክሲዮኑ ከ110 ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 43 ዶላር ግድም ወረደ። መግለጫውን የፈጠረው በዋጋው መውደቅ ላይ ተወራርዶ የከሰረ የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ ለፍርድም ቀርቧል። እውነቱ በዚያው ቀን ታውቆ ዋጋው አብዛኛውን መልሶ አገኘ። መስከረም 8 ቀን 2008 ደግሞ የዩናይትድ አየር መንገድን የኪሳራ ጥያቄ የሚመለከት የ2002 የቆየ ዜና እንደ አዲስ ተነብቦ አክሲዮኑ ከ12 ዶላር ግድም ወደ 3 ዶላር ወረደ፤ ግብይቱ ለጊዜው ከታገደ በኋላ በዕለቱ ከ10 ዶላር በላይ ሆኖ ዋለ። በገበያው መዝገብ ሁለቱም ጥቂት ሰዓታት የቆዩ መናወጦች ናቸው። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ደንግጦ የሸጠ፣ ወይም ዋጋው ከዚህ ቢወርድ ሽጡልኝ ብሎ አስቀድሞ ያዘዘ ሰው ግን 60 ወይም 75 በመቶ ኪሳራውን ይዞ ቀርቷል። ብዜቱ ለእርሱ እዚያ ላይ ተቆርጧል።

አስደንጋጭ ክስተት ሳይኖርም ወሬን ተከትሎ ቶሎ ቶሎ መግዛትና መሸጥ ዋጋ ያስከፍላል። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ከ1991 እስከ 1996 የ66,465 የአሜሪካ ቤተሰቦችን የአክሲዮን ሒሳብ መርምሯል። በጊዜው ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ እጅግ አዘውትረው የሚገበያዩት ቤተሰቦች ያገኙት 11.4 በመቶ ነበር። 11.4 በመቶ ብቻውን ሲታይ መጥፎ አይደለምና ብዙዎቹ የጎደለባቸውን አላስተዋሉም ይሆናል። ሁለቱ ምጣኔዎች ለ6 ዓመት ቢደራረቡ ግን 1,000 ዶላር በአንደኛው 2,686፣ በሌላው 1,911 ዶላር ይሆናል።

ታዲያ ጭምጭምታ ሁልጊዜ ከንቱ ነውን? የሒሳቡ መልስ ከሚጠበቀው የተለየ ነው። በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ አስተማማኝ ያልሆነ፣ ነገር ግን ከምንም የሚሻል መረጃ የደረሰው ሰው ከገንዘቡ ምን ያህሉን ቢያስይዝ ሀብቱ በፍጥነት እንደሚያድግ አሳይቷል። ከላይ ወደተጠቀሰው የሳንቲም ጨዋታ ሲመለስ፣ በየዙሩ በእጁ ካለው ሩቡን ብቻ የሚያስይዝ ሰው ሲያሸንፍ 12.5 በመቶ ያተርፋል፤ ሲሸነፍ 10 በመቶ ይከስራል። 10 ጊዜ አሸንፎ 10 ጊዜ ቢሸነፍ 1,000 ብሩ 1,132 ይሆናል። ያው ጨዋታ፣ ያው ዕድል፣ ያው ሳንቲም ሁሉንም ያስያዘውን 349 ብር አስቀርቶታል። እዚህ ላይ የጭምጭምታ ትልቁ ጉድለት ይታያል፤ ውሸት መሆኑ አይደለም። ጭምጭምታ «ግዛ» ይላል፤ ከገንዘብህ ስንተኛውን እጅ እንደሚባል ግን አይናገርም። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ በዚህ መስክ የሚጨመረው መላ መጠን ነው፤ እርሱንም ሰሚው ራሱ ሊያመጣው ይገባል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አጥኚ የሩቅ አገር ታሪክ መሆኑ እያበቃ ነው። የካፒታል ገበያ ዐዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፍቷል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ግዢው በስልክ፣ በቴሌብር ይፈጸም ስለነበር ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ባለአክሲዮን ሆነዋል። ብዙዎቹ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ በስልካቸው ለመከታተል የመጀመሪያቸው ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሁኔታ ከአሜሪካዊው ገዢ በአንድ ነገር ይለያል። ለአሜሪካዊው ታጋሽነት ለረጅም ጊዜ የሚያዋጣ አማራጭ ሆኖ ቆይቷል። በኢትዮጵያ ግን የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ምጣኔ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት አራት ጊዜ ቢደጋገም በባንክ የተቀመጠ 1,000 ብር የመግዛት አቅሙ ወደ 460 ብር ይወርዳል፤ የወለድ ወለድ ወደ ኋላ ይሠራል ማለት ነው። «በወር 10 በመቶ» የሚለውን ድምፅ የሚሰማ ቆጣቢ ከስግብግብነት ይልቅ ይህን መሸርሸር እየሸሸ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ መክሰርን ያየ ሰው ተንቀሳቅሶ መክሰርን አይፈራም። ስለ ጭምጭምታ የሚሰጥ ትምህርት ይህን ሳይዝ «ታገሥ» ብቻ የሚል ከሆነ ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

በሌላ በኩል አዲሱ ገበያ ጠባብ ነው። በየቀኑ የሚቀርበው አክሲዮን ጥቂት ሲሆን አነስተኛ የግዢ ግፊት እንኳ ዋጋውን ይገፋል፤ ወሬውን ያመጣው ሰው ሊሸጥ ሲፈልግ ግን ገዢ ላያገኝ ይችላል። በስልክ ገጽ ላይ የሚታየው ትርፍ ወደ እጅ እስኪገባ ድረስ የተባዛው ቁጥር ብቻ ነው። ዐዋጁ አሳሳች መረጃ ማሠራጨትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ከላይ እንደታየው ጉዳት የሚያደርሰው የሐሰት ወሬ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛው ወሬም ለዘገየው ሰሚ ያው ነው።

ለጥናት አንድ መልካም አጋጣሚ ተፈጥሯል። ከዚህ ቀደም የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮኖች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ዋጋቸው የሚታወቀው በሰው በሰው ስለነበር ወሬውንና ዋጋውን ለይቶ መመዝገብ አይቻልም ነበር። አሁን የእያንዳንዱ ግብይት ዋጋ፣ መጠንና ሰዓት ይመዘገባል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩት ወሬዎችም ሰዓት አላቸው። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ገዢዎቹ ከወሬው ስንት ሰዓት በኋላ እንደገቡና ከገንዘባቸው ስንተኛውን እጅ ይዘው እንደገቡ መቁጠር ይቻላል።